ሠላሳ አንድ የሌለው መዝገብ

ነቀምቴን ከለቀቅሁ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። አሁን ያለሁት ተወልጄ ባደግሁበት ደምበጫ ነው። እናቴ ሁለት ቤት አልፋ ትኖራለች፣ ገበያ ወጥቼ በቋንቋዬ እከራከራለሁ፣ ማንም «ከየት ነሽ?» አይለኝም። ታዲያ ምን ጎደለሽ ብትሉኝ፣ ጠዋት ቢሮ ስገባ «አካም ቡልቴ፣ ማስቱ?» የሚለኝ ሰው ጎደለኝ። «እንዴት አደርሽ» ማለት ነው። ደምበጫ ውስጥ እንዴት አደርሽ የሚለኝ ሰው ሞልቷል፤ እንደሷ አይሆንልኝም እንጂ።

እሷ ሩክያ ሰይድ ናት። የበደልኋት ሰው ናት፤ ያውም አዋቂ ነኝ ብዬ። ስሜ ማስተዋል ነው። እናቴ ስትሰይመኝ ምን አይታብኝ እንደሆነ እንጃላት፤ ይህን ታሪክ የሰማ ሁሉ በስሜ ይስቃል። ይሳቅ፣ እኔም ስቄያለሁ።

በ2014 መስከረም ላይ ነው ነቀምቴ ወደሚገኝ አንድ ኮሌጅ የሲስተም ባለሙያ ሆኜ የተመደብሁት። ኦሮምኛ አንድ ቃል አላውቅም። ገበያ ላይ ሽንኩርት ስጠይቅ ሴቶቹ ይስቁና ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ይመልሱልኛል፤ እኔ ደግሞ እየተሳለቁብኝ ነው ብዬ ፊቴን አኮሳትራለሁ። ሩክያ ናት አንድ ቅዳሜ እጄን ይዛ የወሰደችኝ። «ማስቱዬ፣ ቁጣሽን እቤት አስቀምጪው፤ ሰው ሲስቅልሽ ሳቂ፣ ወላሂ ሽንኩርቱ ይረክሳል» አለችኝ። እውነትም ረከሰ።

ሩክያ የሬጅስትራር ክፍሉ ታይፒስት ነበረች፤ መስኮቱ ሥር ካለችው ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ቃለ ጉባኤ፣ ደብዳቤ፣ ማስታወቂያ የምትጽፍ። ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ እየተጠጋ ነው። ኦሮምኛዋን የሰማ የዚያው አገር ሰው ነች ይላል፤ አማርኛዋ ግን የወሎ ነው፣ በየመሐሉ «አብሽሪ» አለበት። በ77ቱ ድርቅ ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ከወላጆቿ ጋር ተጭና መጥታ፣ ከዲጋ ወዲያ ዴዴሳ ሸለቆ ውስጥ ከሰፈሩት ናት። ነቀምቴ ታይፕ ተምራ በ1998 ኮሌጁ ቀጠራት። ባሏ ሃሩን ልብስ ሰፊ ነው። እኔ ነቀምቴ በገባሁ በዓመቱ ስትሮክ መትቶት ግራ ጎኑ አልታዘዘው አለ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ከተማው ሆስፒታል እየወሰደችው እጁን ያፍታቱታል።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ። ኮሌጁ የተማሪ ውጤት የሚመዘግብበትና ምስክር ወረቀት የሚያትምበት አንድ ፕሮግራም አለው። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ሲጻፍ፣ እያንዳንዱን ለውጥ ማን እንዳስገባው፣ በስንት ቀን እንዳስገባው፣ ምን ብሎ እንዳስገባው የሚይዝ ማኅደር ይኖረዋል። የኛ ማኅደር ሰብቨርዥን በሚባለው አሮጌ ሥርዓት ላይ ነበር፤ ዓለም ግን ጊት ወደሚባለው ከሄደ ቆይቷል። በ2016 ዲኑ «አዛውሪው» አሉኝ። ብዙ ሰው ሲያዛውር የመጨረሻውን ኮድ ብቻ ወስዶ ታሪኩን እዚያው ጥሎት ይሄዳል። እኔ ግን ታሪኩም ከነነፍሱ ይሄዳል ብዬ ድርቅ አልሁ። ግትር ነኝ፣ ምን ታደርጉኛላችሁ?

አሮጌው ማኅደር የሚያውቀው አጭር የመለያ ስም ብቻ ነው፤ አዲሱ ሙሉ ስም ይፈልጋል። ስለዚህ ሳላዛውር በፊት እያንዳንዱ መለያ ስም የማን እንደሆነ መዘርዘር ነበረብኝ። ዝርዝሩ ቀላል መሰለኝ። ከአራት ሺህ ለውጥ ውስጥ ሦስት ሺህ ስምንት መቶው «ደረሳ» በሚል አንድ ስም የገባ ነው። መምህር ደረሳን በሕይወት አላገኘኋቸውም። የሲሬ ሰው ናቸው፣ ኮምፒዩተር ያስተምሩ ነበር፤ ፕሮግራሙን የጀመሩት እሳቸው መሆናቸውን የማያውቅ የለም። በ2009 ታመው አረፉ፤ የኮምፒዩተር ላብራቶሪው በር ላይ ስማቸው በትልቁ ተለጥፏል።

በዚያው ሰሞን ኮሌጁ የመዋቅር ለውጥ አመጣና ሁሉም ሠራተኛ የሠራውን በፎርም እንዲሞላ ታዘዘ። ታይፒስት የሚባል መደብ ሊታጠፍ ነው። ሩክያ ፎርሙ ላይ «ከ2002 እስከ 2012 የተማሪዎች መረጃ ፕሮግራም ጽፌያለሁ» ብላ ሞላች። ወሬው ግቢውን ዞረ፤ ሻይ ቤት ውስጥ «ታይፒስቷ ፕሮግራመር ሆነች» እያሉ ሲስቁ ሰምቻለሁ። ካልተረጋገጠላት የምትመደበው ኑኑ ቁምባ በሚከፈተው የርቀት ትምህርት ጣቢያ፣ መዝገብ ቤት ነው። ኑኑ ቁምባ ደግሞ ሃሩንን የሚያፍታታ ሐኪም የለም።

አንድ ጠዋት ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥታ ቆመች።

«ማስቱ፣ እዚያ ማኅደር ውስጥ እኮ እኔም አለሁ።»

«የት ውስጥ?»

«ጋሽ ደረሳ ስም ውስጥ።»

ቀና ብዬ አየኋት። አልሳቀችም። «እትዬ ሩክያ፣ ካለሽ ማሽኑ ይናገራል» አልኋት። «ማሽን አይዋሽም።»

ይቺን ቃል ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ጉድ የሠራችኝ እሷ ናት። የመዋቅር ለውጡን የያዘው ኮሚቴ «አጣሪ» ብሎ ሲያዘኝ እንደ አዋቂ ቁጭ ብዬ ሠንጠረዥ ሠራሁ። መዝገቡ ላይ ያለው ቀን ከ2001 ይጀምርና 2012 ላይ ያቆማል፤ ከዚያ በቀጥታ 2020 ይላል። ኮምፒዩተር የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፣ ኮሚቴው የሚያነበው በእኛ። ስለዚህ እያንዳንዱን ቀን፣ ሦስት ሺህ ስምንት መቶውንም፣ ሰባት ስምንት ዓመት እየቀነስሁ ወደ እኛ አቆጣጠር መለስሁት። 2001 የነበረው 1993 ሆነ። 2012 የነበረው 2004 ሆነ። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለውን እዚህ ላይ ተመልከቱ።

በእኔ ሠንጠረዥ መሠረት ፕሮግራሙ የተጀመረው ሩክያ ከመቀጠሯ አምስት ዓመት በፊት ነው። ያበቃው ደግሞ በ2004፣ መምህር ደረሳ በደህና ጤንነት ሲያስተምሩ። ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት ባዶ። ለባዶውም መልስ አላጣሁም፤ «ሥራው ቆሞ ነበር» ብዬ ጻፍሁበት።

ኮሚቴው የተቀመጠው ግንቦት አጋማሽ ላይ ነው። ሰብሳቢው ኦቦ ዋጋሪ ናቸው፣ የሰው ኃይል ኃላፊ፤ ደንብ ሲጠቅሱ ዓይናቸው የሚበራ ሰው። ስብሰባው በኦሮምኛ ነው፣ ለኔ ሲሉ ግን አማርኛ ያስገቡበታል። ሠንጠረዡን አነበብሁ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ አቶ ጫንያለው መነጽራቸውን አወለቁ። ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው፣ ሸዋ ተወልደው ወለጋ ያረጁ ሰው ናቸው።

«የኔ ልጅ፣ በ1993 እዚህ ግቢ የነበረው ኮምፒዩተር አንድ ነው» አሉ። «እሱም ዲኑ ጠረጴዛ ላይ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጥ ነበር። ማን ነው፣ በምኑ ነው የጻፈው?»

«አቶ ጫንያለው፣ ሰው ይረሳል፣ ማሽን አይረሳም» አልኋቸው። ቤቱ ሳቀ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ያቺን ዓረፍተ ነገር እስከዛሬ ባስታወስኋት ቁጥር ፊቴ ይግላል።

ኦቦ ዋጋሪ ወረቀቱን ለሩክያ አቀበሏት። በጣቷ እየተከተለች አነበበች። አንድ መስመር ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ፤ አስተያየቷ የተቆጣ ሰው አልነበረም፣ እንዲያውም ያዘነችልኝ ነበር የምትመስል። ከዚያ ወረቀቱን አጥፋ መለሰች።

«የምትይው አለሽ?» አሏት።

«የምለው የለኝም።»

ውሳኔው ከሐምሌ አንድ ጀምሮ ኑኑ ቁምባ ሆነ። እኔ ደግሞ ምን ብሠራ ጥሩ ነው? ተናደድሁባት። የሞተ ሰው ሥራ ልትወስድ ነበር ብዬ አሰብሁ፤ ሰላምታ ነሳኋት። እሷ ግን ጠዋት ጠዋት «አካም ቡልቴ፣ ማስቱ?» ማለቷን አልተወችም። ጉሮሮዬን ጠርጌ አልፋት ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ሰኔ ላይ ማዛወሩን ልጨርስ ተቃርቤ ዲኑ ለስብሰባ የሚያሳዩት ነገር ፈለጉ። ማኅደሩ ውስጥ በ«ደረሳ» ስም በየትኛው የወሩ ቀን ብዙ ሥራ እንደተሠራ የሚያሳይ፣ ከአንድ እስከ ሠላሳ አንድ የተደረደረ ሥዕል ልሠራላቸው አልሁ። ምሳ ሰዓት ነበር፣ ብስኩቴን እየበላሁ። ሥዕሉ ሲወጣ የሠላሳ አንዱ ቦታ ባዶ ነው። ተሳስቻለሁ ብዬ ደግሜ አስወጣሁት። አሁንም ባዶ። ጃንዋሪ ሠላሳ አንድ የለም፣ ማርች ሠላሳ አንድ የለም፣ ኦገስት ሠላሳ አንድ የለም። «ደረሳ» በሚለው ስም በገባው አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በአንድም ወር ሠላሳ አንደኛ ቀን ላይ አንድም ሥራ አልገባም።

ሠላሳ አንድ የማያውቅ ወር የማን ነው? የኛ ነዋ! የኛ ወር ሠላሳ ነው። የቀረውን ብስኩት ጠረጴዛው ላይ ጣልሁት። ማሽኑ ከመጀመሪያው በእኛ አቆጣጠር ሲቆጥር ኖሯል፤ 2001 ያለው የኛን 2001 ነው፣ 2012 ያለው የኛን 2012። እንዳለ ባነበው ኖሮ ትክክል ነበር። እኔ ነኝ የተቀየረውን ደግሜ የቀየርሁት። ያ ሁሉ ስምንት ዓመት ባዶም ሰዓቱ ወደ ፈረንጅ የተመለሰበት ቀን ብቻ ነው። መምህር ደረሳ ደግሞ ያረፉት በ2009 ነው። ታዲያ ከ2009 በኋላ፣ እስከ 2012፣ በሞተ ሰው ስም አንድ ሺህ ሦስት መቶ ጊዜ የጻፈው ማን ነው?

ጫማዬን እንዴት እንዳጠለቅሁ አላውቅም፤ ባጃጅ ይዤ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር እቤቷ ሄድሁ። ሩክያ መጻሕፍት በካርቶን እያሠረች ነበር። ሃሩን በረንዳው ላይ ተቀምጦ በግራ እጁ የክር ድውር ይጨብጣል፣ ይለቃል። ሰላም ሳልል ነው የገባሁት።

«ሰዓቱን በእኛ ያደረገው ማነው?»

ገመዱን ለቀቀችው። «አወቅሽው?»

«እትዬ ሩክያ፣ ወረቀቱን ስታነቢ አውቀሻል አይደል? እዚያው አውቀሻል! ለምን ዝም አልሽ? አንደበት የለሽም?» እየጮኽሁ ነበር። እየጮኽሁ ደግሞ አለቅሳለሁ።

«ምን ልበል ማስቱ? ጋሽ ደረሳ የመንግሥት ማሽን ሰዓት ይነካኩ ነበር ልበል? በኦቦ ዋጋሪ ፊት? በሚቀጥለው ቀን እኮ ስማቸውን ከላብራቶሪው በር ላይ ያወርዱታል። ተቀመጪ፣ አብሽሪ።»

ተቀመጥሁ። ነገረችኝ።

መምህር ደረሳ በሁለት ጣት ነበር የሚጽፉት። ታይፕ እጃቸውን ስለሚያደክማቸው ኮዱን በመስመር ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ እየጻፉ ለሩክያ ይሰጧታል፣ እሷ ታስገባለች። ዓመት ያህል ምን እንደምትጽፍ ሳታውቅ ጻፈች። አንድ ቀን ግን ወረቀቱን ይዛ ተነሥታ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ የተከፈተች ቅንፍ አልተዘጋችም» አለቻቸው። ወረቀቱን አዩ። እሷን አዩ። «ማን አስተማረሽ?» አሏት። «እርስዎ ነዎታ፣ ሁልጊዜ ይዘጓት የለ» አለቻቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሥራ በኋላ አንድ አንድ ሰዓት ያስተምሯት ጀመር። በዓመቱ ወረቀቱ ቀረ፤ እሳቸው ሐሳቡን ይናገራሉ፣ እሷ ትጽፋለች። ቆይቶ ሐሳቡም የሷ ሆነ።

«በራስሽ ስም ለምን አላስገባሽም?»

«ታይፒስት መለያ ስም አይሰጠውም ነበር። ጋሽ ደረሳ ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጻፉ። ‹ምን ያደርግላታል?› የሚል መልስ መጣ። ተናደዱና የይለፍ ቃላቸውን ሰጡኝ፣ ‹በኔ ስም ግቢ› ብለው።»

ሰዓቱም እንዲህ ነው። ምስክር ወረቀት ላይ የሚታተመው ቀን የሚመጣው ከማሽኑ ሰዓት ነው። ሬጅስትራሩ ቀኑ በእኛ ካልሆነ አላትምም አለ፤ ምረቃው አምስት ቀን ቀርቶታል፤ ቀን የሚያሰላ ፕሮግራም ለመጻፍ ጊዜ የለም። መምህር ደረሳ ማሽኑን ራሱን የአገር ልጅ አደረጉት። መስከረምን ጃንዋሪ፣ ጥቅምትን ፌብሩዋሪ እያሉ፣ ዓመቱንም በእኛ ሞሉለት። ማሽኑ ግን ወር በገባ ቁጥር ይሳሳታል፤ እኛ ጋ ወሩ ሲያልቅ እሱ ሠላሳ አንድ ሊል ይፈልጋል። ስለዚህ ወር በገባ በአንድ፣ ማንም ሳይገባ ጠዋት በእጃቸው ይመልሱታል። ጥቅምት ሲያልቅ ያሉትን ሁለት ቀናት ማሽኑ አያውቃቸውም፣ ፌብሩዋሪ ላይ ናቸው። ያን ጊዜ ምንም አያስገቡም፤ ጳጉሜንም እንደዚሁ።

«ጥቅምት ማለቂያ ላይ ጋሽ ደረሳ ‹ሩክያ፣ ዛሬ በማሽኑ ዘንድ አልተወለድንም፣ እናውራ› ይሉኝ ነበር» አለች። «ከሲሬ የእናታቸው ቆሎ ይመጣል፣ እሱን እየቆረጠምን ስለ ወሎ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ሁለት ቀን አላየሁም።»

«ከሞቱ በኋላስ? ያኔስ ለምን አልተናገርሽም?»

«ብናገር ስሙን ይዘጉታል። ተማሪ ሊመረቅ ነው፤ ማን ይጽፍለታል?» ሻሽዋን አስተካከለች። «ጠዋት ስከፍተው ማሽኑ ‹እንኳን ደህና መጡ ደረሳ› ይላል። የምገባው እኔ ነኝ። ትንሽ አለቅስና ሥራዬን እጀምራለሁ። ሰዓቱንም ወር በገባ በአንድ እኔው እመልሰዋለሁ፤ ሦስት ዓመት እንደዚያ ነው። ከዚያ ኔትወርክ ዘርግተው ሰዓቱም ወደ ፈረንጅ ተመለሰ፣ ሥራውም ለሌላ ተሰጠ። ምን ልናገር? ማን ይጠይቀኛል?»

«አሁን እኔ እጠይቅሻለሁ። ነገ ኮሚቴ ፊት እንቀርባለን።»

«አልቀርብም። እሳቸውን ትነኪያቸዋለሽ።»

ለመንኋት፣ ተቆጣኋት፣ ጉልበቷን ልስም አጎነበስሁ። ወይ ፍንክች! በመጨረሻ በረንዳው ላይ ያለው ሃሩን ድውሩን አስቀመጠና ንግግሩ እየተጎተተ ተናገረ።

«ሩኪ፣ ጋሽ ደረሳ በሕይወት ቢኖሩ አንቺን ኑኑ ቁምባ ይልኩሽ ነበር?»

ሩክያ ጎንበስ አለችና ካርቶኑን ፈታችው።

ኮሚቴው ፊት የመጀመሪያውን ቃል የተናገርሁ እኔ ነኝ። «ሠንጠረዡ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም የማሽኑ አይደለም፣ የኔ ነው» አልሁ። ሥዕሉን ግድግዳው ላይ አሳየኋቸው፣ የሠላሳ አንዱን ባዶ ቦታ በጣቴ ነካሁት። አቶ ጫንያለው ከሁሉ ቀድመው ገባቸው። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!» ብለው ጠረጴዛውን መቱ። «ዳንቴሉ! ያልኋችሁ እኮ ነው!» ከ2009 በኋላ የገባውን አንድ ሺህ ሦስት መቶም አሳየሁ። ማንም የሚሟገት አልነበረም፤ የሞተ ሰው አይጽፍም።

ኦቦ ዋጋሪ ግን እስክሪብቷቸውን አነሡ። «ጥሩ። ምደባው ይታያል። የመሥሪያ ቤቱን ማሽን ሰዓት የነካው ማነው ታዲያ?»

 አፌን ልከፍት ስል ሩክያ ቀደመችኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው፣ ከ2001።»

በ2001 እኮ የምትጽፈው ምን እንደሆነ እንኳ አታውቅም ነበር! አቶ ጫንያለው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። እኔ ከጠረጴዛው በታች እግሯን ረገጥኋት፤ እግሯን ሰበሰበች እንጂ ቃሏን አልሰበሰበችም። ኦቦ ዋጋሪ ጻፉ። ከዚያ የኑኑ ቁምባው ምደባ መሰረዙን ነገሩን፤ የማን ሥራ የማን እንደሆነ ግን በአሥር ቀን ውስጥ ለይታችሁ አቅርቡ አሉን።

ያ አሥር ቀን ነው ደምበጫ ተቀምጬ የምናፍቀው። ሁለት ወንበር አጠጋግተን ከ2001 ጀምሮ አንድ በአንድ አነበብነው። ውጭው ሰኔ ነው፤ የነቀምቴ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ መጮህ አለብን። እኔ ማስታወሻውን አነባለሁ፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና ትሰማና «የሳቸው» ወይም «የኔ» ትላለች። አንድም ጊዜ አላመነታችም። «መብራት ጠፋ፣ ግማሹ ቀረ» የሚል ሲመጣ፣ በምረቃው ዋዜማ ከሠርግ ቤት ጄኔሬተር ለምነው ያመጡትን፣ ሙሽራው ራሱ ገመድ ይዞ የሮጠውን ነገረችኝ። «ስም ተስተካከለ» የሚል ሲመጣ፣ አባቷ ስም ላይ አንድ ፊደል ተገድፎባት ከዲጋ በእግሯ የመጣችውን ተማሪ ነገረችኝ። በዚያ አሥር ቀን የሳቅነው ሳቅ ሁለት ዓመት ከሳቅሁት ይበልጣል።

እርግጥ ተጣልተናልም። የሷ መሆኑን የማውቀውን ሁሉ «የሳቸው» እያለች ልትሰጥ ስትል ጆሮዬ ይቀላል። «እትዬ ሩክያ፣ ይህን እኮ አንቺ ነሽ የጻፍሽው!» «ሐሳቡ የሳቸው ነው።» በኋላ መላ አገኘሁለት። አዲሱ ማኅደር ለእያንዳንዱ ለውጥ ሁለት ስም ይይዛል፤ የጻፈው ሰውና ያስገባው ሰው። አሮጌው አንድ ብቻ ነበር የሚያውቀው። ይህን ስነግራት ወንበሯን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች። «ሁለታችንም እንገባለን ማለት ነው?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ መከራከር ቀረ።

2003 መጋቢት ላይ አንድ የገባ ለውጥ አገኘን፤ ኮዱ ላይ የተጨመረው አንድ ባዶ ቦታ ብቻ ነው። ማስታወሻው «ጀባዹ» ይላል፣ በኦሮምኛ በርቺ ማለት ነው።

«ይሄስ ምንድነው?»

«የሳቸው ነው። ለብቻዬ የጻፍሁትን ገጽ ሳያርሙ ያሳለፉት ቀን ነው።» ከዚያ ፊቷን አዞረች፤ እኔም ስክሪኑን የማይ መሰልሁ።

ሥራው አለቀ፤ ማኅደሩ ከነታሪኩ ተዛወረ። ከኦቦ ዋጋሪ ቢሮ ደብዳቤ የመጣው ሐምሌ ሦስት ቀን ነው። የምደባው ደብዳቤ ገና ነው፣ መጀመሪያ የወጣው ሌላ ነው። መላላኪያዋ ሩክያን አስፈርማ ሰጠቻት። ደብዳቤው በኦሮምኛ ስለሆነ እኔ ከላይ ስሟን ከታች ማኅተሙን ብቻ ነው የለየሁት።

«ምን ይላል?» አልኋት።

ጣቷን መጀመሪያው መስመር ላይ አድርጋ በኦሮምኛ አነበበችው፤ ከዚያ ወደ አማርኛ መለሰችልኝ። «ለወይዘሮ ሩክያ ሰይድ፣ ለሶፍትዌር ባለሙያ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው። ሰዓት ነክተሻል ይላል።»

ደሜ ፈላ። «እኚህ ሰውዬ ምን ዓይነት ልብ ነው ያላቸው! አሁኑኑ ሄጄ...»

«ዝም በይ ማስቱ» አለች። ጣቷ ከመጀመሪያው መስመር አልተነሣም፤ እንባዋ ደግሞ አገጯ ድረስ ወርዷል። «አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የዚህን ቤት ደብዳቤ ሁሉ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ስሜን እንዲህ ብሎ የጠራ ወረቀት አጋጥሞኝ አያውቅም።»

መስመሩን ደግማ አነበበችልኝ። ከዚያ ፊቷን በሻሽዋ ጫፍ ጠረገችና ደብዳቤውን ሰጠችኝ።

«ሁለት ኮፒ አንሺልኝ፤ አንዱ ለሃሩን ነው» አለችኝ። ማስጠንቀቂያዋን ይዤ ወደ ኮፒ ማሽኑ ሄድሁ።